ሁለት ቅጠል እንደ አንድ

«ከእኔ ጣት ያመለጠ ገጽ እስካሁን አልተፈጠረም!» አለች ትርንጎ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ከፈለጋችሁ ዓይኔን በሻሽ እሰሩኝና ከባዱን መጽሐፍ አምጡልኝ። ሁለት ቅጠል እንደ አንድ አንሥቼ፣ አንባቢው እንኳ ሳይባንን ባላሳልፈው ስሜን ቀይሩት!»

«ስምሽንስ ቢቀይሩት ሳይሻል አይቀርም» አለቻት ከኋላዋ የቆመችው ውቢት። «ትርንጎ ብሎ ስም! በሽተኛ ለመጠየቅ ይዘውሽ የሚሄዱ ነው የሚመስለው።»

ሰልፉ በሳቅ ተንጫጫ። የጣት ሰልፍ ነበር። የብራና ቤት ገጽ ገላጮች ማለዳ ማለዳ ከበሩ ሥር ይደረደሩና አሥሩንም ጣታቸውን ከግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ይከታሉ፤ ግድግዳው ያሸታል። ሽንኩርት የላጠ ይመለሳል። ቅቤ የነካ ይመለሳል። በርበሬ የቀነጠሰማ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ይቀመጣል። ትርንጎ እዚህ ሥራ ከገባች ወዲህ ድስት አጥባ አታውቅም፤ እናቷ «እኔ እኮ ልጅ አልወለድኩም፣ ሙሽራ ነው የገባብኝ» ይላሉ፣ አንዳንዴ እየሳቁ፣ አንዳንዴ ሳይስቁ። ስትተኛ ጓንት አጥልቃ ነው። ወንድሟን በጥፊ መምታት በውሏ ላይ ስለተከለከለ በክርኗ ነው የምትደቁሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጻሕፍቱን የሚያነበው ሰው አይደለም፤ አንባቢው ነው። አንባቢው ከጠረጴዛው በላይ ተንጠልጥሎ ያያል፣ ያነባል፣ ይመዘግባል። ግዕዙን ያውቃል፤ መጽሐፉን የጻፈው እጅ ሌላ ምን ምን እንደጻፈ ያውቃል፤ ቀለሙ ከምን ቅጠል እንደተጨመቀ ሳይቀር ያውቃል። የማይችለው አንድ ነገር ቢኖር መግለጥ ነው። በፊት በብረት እጅ ሞክረውት ነበር አሉ፤ ስንት ነገሥታት ሲሞቱ ያልሞተ ብራና እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረካከሰ። ከዚያ የሰው ጣት ተፈለገ፤ የልጅ ጣት፣ ለስላሳ፣ የማያልበው፣ የማይንቀጠቀጥ። ማንበብ አያስፈልግም። እንዲያውም ግዕዝ የሚያነብ ሰው አይቀጠርም። የሚያነብ ሰው ይመሰጣል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንዳንዱም ያለቅስና እንባው ብራናው ላይ ይንጠባጠባል። ትርንጎ ከአራተኛ ክፍል ስታቋርጥ «መሃይም ሆነሽ ቀረሽ» ያሏት ጎረቤቶች፣ አሁን ልጆቻቸውን እንድታስቀጥርላቸው በር በሯን ያያሉ።

አንባቢው የመጽሐፉን መጨረሻ ሲያይ ራሱ ላይ መብራት ይበራል። ቀይ ከበራ መጽሐፉ ልዩ ነው፤ በሌላ መጽሐፍ ያልታየ ነገር አለበት። ልዩ መጽሐፍ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ጥልቁ ከሕንፃው በታች ነው፤ አየር የለውም፣ ብርሃን የለውም፣ የገባ ወጥቶ አያውቅም። አይጥና የጧፍ ጠብታ በማይደርስበት ለዘላለም ይጠበቃል። ለባለቤቶቹ በፈንታው የመስታወት ሰሌዳ ይሰጣቸዋል፤ ምስሉን በጣታቸው እየገፉ ያያሉ። አረንጓዴ ከበራ ድጋሚ ነው፤ መሰሉ ጥልቁ ውስጥ ስላለ መጽሐፉ አገሩ ይገባል። ቢጫ ከበራ ግን ጎደሎ ነው፤ መሰሉ አለ፣ እሱ ደግሞ ገጽ ጎድሎታል። ጎደሎ መጽሐፍ መጣፊያ ክፍል ይሄዳል። እዚያ ቀለሙን ይፍቁትና ቆዳውን ቆራርጠው የልዩዎቹን ሽንቁር ይደፍኑበታል። ፍየል የተተከለ ጫካ ትበላለች ተብላ በአዋጅ ከጠፋች ወዲህ ሌላ ብራና ከየት ይምጣ?

ይህን ደንብ ትርንጎ እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ስለ መብራቶቹ ሐዘንም ደስታም ተሰምቷት አያውቅም። ቀይም በራ ቢጫ የእሷ ጣት አንድ ነው።

ምሳ የሚበላው በግቢው ነበር። ግቢው ውስጥ መጽሐፋቸውን ተከትለው የመጡ ሰዎች ይጠብቃሉ፤ ቄሶች፣ አለቆች፣ የደብር ዘበኞች፣ አንዳንዴም ከነልጆቿ የመጣች ሴት። ወደ ውስጥ አይገቡም። ግድግዳውን ተሳልመው፣ ነጠላቸውን አንጥፈው፣ ስማቸው እስኪጠራ ይቀመጣሉ። ገላጮቹ እነዚህን ሰዎች እንዳያነጋግሩ ተነግሯቸዋል፤ ለትርንጎ ደግሞ «እንዳትናገሪ» ማለት «ተናገሪ» ብሎ መጋበዝ ነው።

በዚያ ቀን አንድ ረጅም፣ ሽበታም ቄስ ከዛፉ ሥር ቆመው አየች። ትልቅ የቆዳ ከረጢት በጠፍር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ከረጢቱ ባዶ ነው። በሁለት እጃቸው ደግፈውታል፣ የሚወድቅ ነገር ያለበት ይመስል።

«አባቴ፣ ባዶ ከረጢት ታቅፈው ምን ይሠራሉ?» አለቻቸው።

«ከረጢት አይደለም፤ ማኅደር ነው። የመጽሐፉ ቤት።» ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አዩዋት። «መጽሐፉን ወሰዱና ይህን ‹አይመዘገብም› ብለው ወረወሩልኝ። አንቺ ውስጥ ነሽ?»

«ውስጥማ የምሠራው እኔ ነኝ። ሌሎቹ ያዩኛል።»

ፈገግ አሉ፣ በግድ። መምሬ አስረስ እባላለሁ አሏት፤ ከዓባይ ማዶ፣ ከእንዶድ በር ማርያም ነው የመጡት። ቤተ ክርስቲያናቸው ያለው መጽሐፍ ይኸው አንድ የተአምር መጽሐፍ ብቻ ነው። ብራና ሁሉ ይመዝገብ በሚለው አዋጅ መሠረት ለምዝገባ ይዘውት መጡ፤ ከመጡ ሰንብተዋል።

«ለግንቦት ልደታ መጽሐፉን ይዤ ካልገባሁ ሰው ይሞትብኛል» አሉ።

«ኧረ መምሬ! መጽሐፍ የሌለው አገር ሁሉ እንግዲህ አልቋል?»

«አፍሽ ይጣፍጣል» አሉ ቅር ሳይላቸው። «ነገሩን ስሚና ትስቂያለሽ።»

እንዶድ በር ውስጥ ሁለት ወገን አለ፤ እነ ዘለቀና እነ ብናልፍ። ከአያት ጀምሮ በመሬት ይገዳደላሉ። መሬቱ አሁን የለም፤ የውሃ ግድቡ ውጦታል፤ ደሙ ግን አልተዋጠም። ባለፈው ክረምት ከእነ ብናልፍ አንድ ጎረምሳ ተገደለ። አሁን የመሞት ተራው የእነ ዘለቀ ነው፤ ተራው የደረሰው ደግሞ ልየው የሚባል ልጅ ነው፣ የመምሬ አስረስ የእህት ልጅ። እሱ አልገደለም። ግን የገዳዩ ታናሽ ወንድም ነው፤ ገዳዩ ጠፍቷል። ልየው ከመስከረም ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወጥቶ አያውቅም። እናቱ ምግብ በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብለዋለች።

«እነ ብናልፍን በሽማግሌ ለምነን እስከ ልደታ እንዲታገሡ እሺ አሰኝተናቸዋል» አሉ መምሬ። «እርቁ እንዴት መሰለሽ የሚሆነው? የገዳይ ወገን ራሱን ተላጭቶ፣ መጽሐፉን በባዶ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ከወንዙ ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣል። የሟች ወገን ዱላውን ይዞ ከኋላ ይከተለዋል። መጽሐፉ ከባድ ነው፤ የሽፋኑ ገበታ ወይራ ነው፤ ብቻውን ዳገቱን የጨረሰ ሰው የለም። ጉልበቱ ሲከዳው ይንገዳገዳል። ያን ጊዜ፣ ከኋላ ያሉት መጽሐፉ መሬት እንዳይነካ ሮጠው መደገፍ አለባቸው። ግድ ነው፤ መሬት ከነካ የሁሉም ኃጢአት ነው። ደግፈው አብረው ከያዙት በቃ፣ ደሙ ደረቀ። አያቶቻቸው በዚህ ታርቀዋል፤ አባቶቻቸው በዚህ ታርቀዋል።»

«ድንጋይ ቢሸከሙስ?»

«ድንጋይ ቢወድቅ ማን ይደነግጣል?»

ለትርንጎ ዝም ማለት አይሆንላትም ነበርና ወዲያው «ታዲያ ምን ያስፈራዎታል? አረንጓዴ ይበራልዎና ይዘውት ይገባሉ» አለች።

«እሱ ነው እኮ ጭንቄ። መካከሉ ላይ ወፍ የተሣለበት ገጽ አለ። ያገራችን ተአምር ነው፤ እመቤታችን በወፍ መርታ ምንጭ ያሳየችበት። ከእንዶድ በር በቀር የትም የለም ሲሉ ነው ያደግሁት። እዚህ ያሉት ቄሶች ደግሞ ‹የትም የሌለ ካለበት አለቀልህ፣ ጥልቁ ነው› አሉኝ። ሰሌዳ ይሰጡሃል አሉኝ። ሰሌዳ! እንደ ቅጠል የቀለለ። ልየው ሰሌዳ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ፣ እነ ብናልፍ በሳቅ ነው የሚገድሉት።»

ትርንጎ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ወፍዋን ነው። ክብደቱንም፣ ዳገቱንም፣ የወይራውን ገበታም ጆሮዋ አሳልፎታል፤ ጣቶቿ ግን ‹ወፍ ያለበት ገጽ› የሚለውን ሲሰሙ ተንቀሳቀሱ። አንባቢው የሚያየው የተገለጠለትን ብቻ ነው። ያልተገለጠለት ገጽ ለእሱ የለም።

«መምሬ፣ ይዘውት ይገባሉ» አለች።

«እመቤታችን ታውቃለች። አንቺ ብቻ ከደረሰሽ ቀስ አድርገሽ ግለጭልኝ፤ ጠርዙ ደክሟል።»

«እመቤታችንንማ አንቸግራት። ትርንጎ ብላኛለች ይበሉ።»

መምሬ አስረስ ፊታቸው ተለወጠ። «ምን ልታደርጊ ነው? ልጄ፣ የያዝሽው ነገር የሰው ነፍስ ነው። ነገር እንዳታበላሺብኝ።»

«ነገር የማበላሸው ሳላስበው ነው፤ ካሰብኩበትማ አሳምራለሁ» ብላ እየሳቀች ሄደች። እሳቸው ከኋላዋ «ኧረ ተይ» ሲሉ ሰምታለች። ግን ለሽማግሌ ‹ተይ› ሰላምታው ነው።

የእንዶድ በር መጽሐፍ በማግሥቱ የወጣው ለውቢት ጠረጴዛ ነበር። ትርንጎ ጠረጴዛ እንድትቀይራት ለመነቻት።

«ለምን?» አለች ውቢት።

«አንድ ነገር ላሳይሽ። ትናንት ሰልፍ ላይ ያልኩሽን።»

«ትርንጎ፣ አንቺ ልጅ፣ የምትታነቂበትን ገመድ ራስሽ ነው የምትፈትዪው» አለች ውቢት፤ ጠረጴዛውን ግን ለቀቀችላት። ማየት ትፈልግ ነበር።

መጽሐፉን ሁለት ሰዎች በትራስ ይዘው አምጥተው አስቀመጡላት። ሲያሳርፉት ጠረጴዛው ቋ አለ። ትርንጎ አፏን በጨርቅ ሸፈነች፤ እዚህ ቤት ብራና ላይ የሚተነፍስ የለም። የሥራ አለቃዋ ወይዘሮ እልፍነሽ በነጭ የጨርቅ ጫማቸው፣ ኮቴያቸው ሳይሰማ፣ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይመላለሳሉ። ወይዘሮ እልፍነሽ ተቆጥተው አያውቁም። ሰው የሚያባርሩትም ደህና ዋል በሚሉበት ድምፅ ነው።

«ግለጪ» አለ አንባቢው።

ገለጠች። መጽሐፉ የጢስና የላብ ሽታ አለው። በየገጹ ታችኛ ማዕዘን ላይ ጥቁር እድፍ አለ፤ ከእሷ በፊት የገለጡት ሰዎች ጣት ነው። የእሷም ጣት፣ ምንም ብትሸሸው፣ እዚያው እድፍ ላይ ያርፋል። ሰም የተንጠባጠበበት አለ። በሆነ ዘመን የሆነ ሰው ምልክት ብሎ የሰፋው ቀይ ክር አለ። ትርንጎ እነዚህን ሁሉ በጣቷ ታያለች እንጂ ልብ አትላቸውም። የምትጠብቀው ወፍዋን ነው።

«ግለጪ።»

ከመካከሉ ሲደርሱ፣ አንዱን ቅጠል በጥፍሯ ጫፍ ቅንጣት ያህል አነሣችው። ከሥሩ ባለው ቅጠል ላይ ሁለት ቀይ እግር ታየ። እግሩ ቀጭን ነው፤ ወፍዋ አንገቷን አዙራ ወደ ኋላ ታያለች። ትርንጎ ቅጠሉን መልሳ አስተኛችው።  ጣቷ ላይ ላብ ሊመጣ ሲል ተሰማትና ትንፋሽዋን ያዘች።

«ግለጪ።»

ሁለቱን ቅጠል ከነማዕዘናቸው ገጥማ፣ እንደ አንድ አነሣቻቸው። አንባቢው ዝም አለ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ዝም አይልም። ውቢት ከወዲያ ጠረጴዛ ዓይኗን አፍጥጣ ታያለች። ወይዘሮ እልፍነሽ ከአዳራሹ ዳር ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

«ግለጪ» አለ አንባቢው።

ትርንጎ ለውቢት በዓይኗ ጠቀሰቻት። ከዚያ በኋላ ያለውን እየዘፈነች ገለጠች ማለት ይቻላል፤ አፏ ባይሸፈን ኖሮ። ልየውን አሰበችው። አይታው አታውቅም፤ መልከ መልካም አደረገችው። ከአጥሩ ሲወጣ፣ «ማን ነው ያዳነኝ?» ሲል፣ መምሬ «አንዲት ልጅ» ሲሉት። ሰርጉ ላይ ሲጠራት። የመጨረሻው ቅጠል ላይ ስትደርስ ለሰርጉ የምትለብሰውን ቀሚስ መርጣ ነበር።

ቢጫ በራ።

«ጎደሎ» አለ አንባቢው፣ ሰዓት እንደሚናገር። «በመካከል ያለው ተአምር መጨረሻው የለም።»

ትርንጎ መብራቱን ቀና ብላ አየችው። መብራቱ የተሳሳተ መሰላት። ከዚያ ገባት፤ ቀስ እያለ፣ ከእግሯ ጀምሮ እንደ ብርድ።

ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ሲነሣ የሚደበቀው አንድ ገጽ አይደለም። ሁለት ነው፤ ወፍዋ ያለችበት ገጽና ፊት ለፊቷ ያለው። ፊት ለፊቷ ያለው ላይም ጽሕፈት ነበረበት። ትርንጎ እሱንም የወፍዋ ታሪክ አድርጋ ነበር የቆጠረችው። አልነበረም። የጥንቱ ጸሐፊ ለብራና የሚሳሳ ሰው ነበርና፣ ሁሉም ቤት ያለውን የተለመደውን ተአምር በዚያ ገጽ ጨርሶ፣ ቦታ ሳያባክን ከፊት ለፊቱ የወፍዋን በአንድ ገጽ ጽፏል። ማንበብ ብትችል ይህን ታየው ነበር። ማንበብ ብትችል ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አትቀመጥም ነበር።

ሁለቱ ሰዎች መጥተው መጽሐፉን በትራሱ አነሡ። ወደ መጣፊያ ክፍል በሚያወርደው በር ወጡ።

«ንገሪያቸው» አለች ውቢት፣ አጠገቧ መጥታ በሹክሹክታ። «አሁኑኑ ሂጂና ለወይዘሮ እልፍነሽ ንገሪ።»

«የጣት ፈቃዴን ይሰርዙታል።»

«ቢሰርዙትስ? ምን ነበር ያልሽው ለሰውየው?»

«ቆይ፣ ዘዴ አገኛለሁ። ከምሳ በኋላ። አንቺ ብቻ አታርበትብቺኝ።»

ዘዴ አላገኘችም። ምሳዋን ግቢው ውስጥ አልበላችም፤ ከደረጃው ሥር ተደብቃ በላች፣ ለነገሩ አልበላችም። በመስኮቱ መምሬ አስረስን አየቻቸው። ከየት እንዳመጡት በማይታወቅ ጨርቅ የማኅደሩን ቆዳ እየወለወሉ ነበር፤ ውስጡን ሳይቀር፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው። መጽሐፉ ሲመለስ አቧራ እንዳያገኘው ነው። ይህን ስታይ ትርንጎ ተነሥታ ሮጠች።

ወይዘሮ እልፍነሽ ሁሉንም ሰሙ። አላቋረጧትም። «ነይ» ብለው ወደ መጣፊያ ክፍል ይዘዋት ወረዱ።

መጣፊያ ክፍል ጥሩ ብርሃን አለው። ሰዎቹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እንደ ሽንብራ ለቃሚ እያወሩ ይፍቃሉ። የተፋቀው ቀለም ጥቁር ዱቄት ሆኖ ጭናቸው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ አንዷ ሴትዮ ቅንድብ ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። የእንዶድ በር ገበታ ግድግዳው ሥር ተደግፏል፤ ከሌሎች ብዙ ገበታዎች ጋር፣ ለማገዶ እንደተፈለጠ እንጨት። ቅጠሎቹ ታጥበው፣ ነጭ ሆነው፣ በክብ በክብ ተቆርጠዋል። መዳፍ የሚያህል አለ፤ ጥፍር የሚያህልም አለ።

«ጥሩ ቆዳ ነው» አለች ባለ ጥቁር ቅንድቧ ሴትዮ፣ ልታስደስታቸው ፈልጋ። «ዛሬ ከመጡት ሁሉ ይህ ወፍራም ነው።»

«የቀረ አለ?» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

«አንድ ቅጠል። ሥዕል ያለበት አይሆነንም፤ ቀለሙ እርጥበት ሲነካው ይለቅቃል። ከፍርፋሪው ጋር ልጥለው ነበር።»

ወይዘሮ እልፍነሽ ቅጠሉን ተቀብለው ወደ ላይ ወጡ፤ ትርንጎም ከኋላ። አንባቢው ሥር አስቀመጡት። በራሳቸው እጅ ገለጡት፤ ለካ መግለጥ ይችላሉ፤ ለካ የእሳቸውም ጣት አይንቀጠቀጥም። አንባቢው ፊቱን አነበበ፣ ጀርባውን አነበበ።

አረንጓዴ በራ።

«ድጋሚ» አለ። «የወፍና የምንጭ ተአምር። በጥልቁ ውስጥ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። በአንዳንዱ የአገሩ ስም ይለያል።»

ትርንጎ አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ታዲያ… እኔ ባልነካው…»

«ባትነኪው አረንጓዴ ነበር» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። «ሁሉም አገር የእኔ ብቻ ነው ይላል። ሁሉም አገር ወፍ አለው።» ቅጠሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት። «ድጋሚ የሆነ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ደንብ ነው። ሂጂና መልሽለት። ያንቺ ፈቃድ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል። ከእንግዲህ ሽንኩርት መላጥ ትችያለሽ።»

ይህንንም ያሉት ደህና ዋል በሚሉበት ድምፅ ነው።

ከአዳራሹ እስከ ግቢው ያለው መተላለፊያ ረጅም ነው። ትርንጎ መጀመሪያ ላይ እያለቀሰች ነበር የምትሄደው። መካከሉ ላይ ስትደርስ ማልቀስ ተወች። ቆይ፣ አለች በልቧ፣ ወፍዋ እኮ አለች። መምሬ የፈሩት ለወፍዋ አይደል? የእንዶድ በር ማለት እሷ አይደለችም? ሌላው ተረፈ አልተረፈ የትም ያለ ነገር ነው፤ አንባቢው ራሱ ብሏል። ዋናዋ ይቺ ናት። ይህንን ቤት ሁሉ አልፋ የወጣች ይቺ ናት፤ ያወጣቻትም ትርንጎ ናት። የግቢውን በር ስትገፋው ፊቷን ጠርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር።

መምሬ አስረስ ሲያዩዋት ከተቀመጡበት ተነሡ። ማኅደሩን ከፈት አድርገው ያዙት። ከኋላዋ መጽሐፉን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ካለ ብለው ከትከሻዋ በላይ አሻግረው አዩ።

«አረንጓዴ በራ» አለች ትርንጎ።

«እመቤቴ ተመስገን! የታለ?»

ጨርቁን ሰጠቻቸው። ፈትተው አዩት።  ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ ግንባራቸውን አስነኩት፤ ተሳለሙት።

«ሌላውስ?»

«ሌላው ጎደሎ ተባለ። እኔ… ሁለት ቅጠል አብሬ ነው ያነሣሁት። ቀይ እንዳይበራብዎት ብዬ። ሌላውን ፍቀውታል።» ይህን በአንድ ትንፋሽ ተናገረችና ቶሎ አለፈችው። «ግን ዋናዋ ይቺ ናት መምሬ። ወፍዋ። ይኸውልዎ፣ ቀለሟ እንኳ አልተነካም።»

መምሬ አስረስ ወፍዋን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩዋት። «ቆቅ ናት ለካ» አሉ። «ርግብ ትመስለኝ ነበር።»

«አይተዋት አያውቁም?»

«ማን ገልጦት? ለመሸከም ነው የሚወጣው። ገልጦ ያነበበው ሰው እኔ ሳልወለድ ሞቷል።»

ቅጠሏን ማኅደሩ ውስጥ ጨመሩ። ወደ ታች ስትንሸራተት ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ማኅደሩ እንደነበረው ሆዱ ተጣብቆ ቀረ። ዙሪያውን የተቀመጡት ቄሶች ምንም ያላዩ ይመስል አንገታቸውን ደፍተዋል።

ትርንጎ ማኅደሩን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ድንጋይ ቢጨምሩበትስ?» አለች። «ከላይ ይቺን ያደርጋሉ፣ ከሥር ድንጋይ። ማን ከፍቶ ያያል? እኔ ራሴ መርጬ እሞላልዎታለሁ፤ ልክ እንደ መጽሐፉ አድርጌ።»

መምሬ ጠፍሩን አንገታቸው ላይ ያስተካክሉ ነበር።

«እኔስ ቢሆን ለእርስዎ ብዬ አይደል?» አለች፤ ድምፅዋ ሊሰበር ሲል እንደገና ወደ ላይ ወጣ። «ሥራዬን አጣሁ። ሄደው ማንንም ይጠይቁ፤ መጣፊያ ክፍል ከገባ መጽሐፍ ውስጥ ገጽ ያስመለጠ ሰው ከእኔ በቀር የለም። ዋናዋን አድኜልዎታለሁ እኮ!»

መምሬ አስረስ በትራቸውን አንሥተው ወደ በሩ ዞሩ፤ ቆም ብለው ሳያዩዋት መለሱላት።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ያዳንሻት ገጽ ልየውን ሲገድሉት ፊቱን እንኳ አትሸፍንለትም።»